ዛንዚባር ለመሄድ ቀን ስትቆርጡ ጨረቃዋን እዩ

ዛንዚባር እየተባለ በየስልካችን የሚመጣው ፎቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተነሳው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ከአሸዋው ጫፍ የሚጀምር ሰማያዊ ውሃ፣ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ። ፎቶው ውሸት የለበትም። ግን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ውሃው አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሸሽቶ፣ የነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር ሣር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሰባት ሌሊት ሒሳብ ከፍሎ የሄደ ሰው ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወርድ ባሕሩን ካጣው በደሴቲቱ ያዝናል። ማዘን የነበረበት ቀኑንና የባሕር ዳርቻውን ሳያገናዝብ በመምረጡ ነው።

ይህን ባናውቅ አይፈረድብንም። እኛ የምናውቀው ውሃ ሐይቅ ነው። ላንጋኖም ሐዋሳም ቢሾፍቱም ጠዋት ያያችሁበት ቦታ ማታም ይጠብቃችኋል። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንዳንድ ሳምንት አራት ሜትር ይጠጋል፤ ከአንድ ፎቅ ቤት ቁመት በላይ ነው። በዚህ ምክንያት የደሴት ዕረፍት ሲታቀድ ቅደም ተከተሉ መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ወሩን በነፋስና በዝናብ መምረጥ፣ ቀጥሎ ሳምንቱን በጨረቃ፣ ከዚያ የባሕር ዳርቻውን፣ በመጨረሻ ሆቴሉንና ትኬቱን። አብዛኛው ሰው ርካሽ ትኬት ካገኘበት ቀን ይጀምርና ሌላውን ሁሉ ለዕድል ይተወዋል።

ከወሩ እንነሳ። ዛንዚባር ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ስድስት ዲግሪ ላይ ናት። ወቅቷን የሚያዙት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል፤ ሙቀቱ የሚበረታው፣ ባሕሩም ገላ መታጠቢያ ውሃ የሚመስለው ያኔ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ ደግሞ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ አየር ያመጣል። በሁለቱ መካከል ዝናብ አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው ትልቁ ዝናብ ማሲካ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ይበረታል። ኅዳርና ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ቩሊ ግን አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዘንቦ ያባራል።

ይህ ለእኛ በቀጥታ የሚነካ ነገር አለው። የፋሲካ በዓል ከሚያዝያ ግድም ስለማይርቅ፣ ጾሙ ተፈቶ ቤተሰብ ይዞ ወደ ባሕር መሄድ የሚያምረው ሳምንት ማሲካ ከሚወርድበት ጋር ይገጥማል። በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ በጣም ይወርዳል፤ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ዘግተው ጥገና ላይ ናቸው። ርካሽ ስላገኛችሁ ብቻ አትቸኩሉ። የእኛ ክረምት፣ ማለትም ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው ሐምሌና ነሐሴ፣ በተቃራኒው ለዛንዚባር ምርጡ ጊዜ ነው፦ አዲስ አበባ በጭቃ ተይዛ ሳለ እዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ችግሩ የአውሮፓ ተማሪዎችም ያኔ ስለሚመጡ ዋጋው ይንራል። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት መካከል ያሉት ቀናት ከሁሉ ውድ ናቸው፤ የእኛን ገና አክብሮ ከጥር ጀምሮ የሚሄድ ሰው ያንኑ ፀሐይ በተሻለ ዋጋ ያገኛል። እኔ አንድ ወር ምረጥ ብባል ሰኔን እመርጣለሁ። ዝናቡ አልቋል፣ ዛፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሕዝቡም አልበዛም።

ሌላው ከወር ጋር የሚታይ ጉዳይ ረመዳን ነው። የዛንዚባር ሕዝብ ማለት ይቻላል በሙሉ ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ቀን መንገድ ላይ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ነውር ነው፤ ከሆቴል ውጭ ያሉ ብዙ ምግብ ቤቶችም እስከ ማታ ይዘጋሉ። ሆቴል ውስጥ ለሚቆይ ችግር የለበትም፤ ከተማውን ዞሮ ለማየት ለሚፈልግ ግን ቀኑ ይከብዳል። በ2027 እ.ኤ.አ. ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ይገባል፤ ካስካዚን ብላችሁ ቀን ስትመርጡ ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት፣ ባሕሩ እጅግ ይሞላል፣ እጅግም ይጎድላል። ጨረቃዋ ግማሽ በሆነች ሰሞን ልዩነቱ ጠብቦ አንድ ሜትር ተኩል ግድም ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ ውሃው ቢጎድልም ርቆ አይሄድም። ግድግዳችሁ ላይ የሒጅራ ቀን የሚያሳይ መቁጠሪያ ካለ ሥራው ቀለለ። ወሩ ከገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናትና ከ15 እስከ 17 ባሕሩ ይሸሻል፤ በ8 እና በ9፣ እንዲሁም ከ22 እስከ 24 ይረጋል።

ሰዓቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ዛንዚባር ላይ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ወይም በተወለደች ሰሞን ውሃው የሚያጥረው ከረፋዱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ተመልሶ የሚሞላው አሥር ሰዓት ግድም ነው። ሰው ሁሉ መዋኘት በሚፈልግበት የረፋድ ሰዓት ባሕሩ የለም ማለት ነው። ከዚያ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ ወደፊት እየገፋ ስለሚሄድ በሳምንቱ ግማሽ ጨረቃ ላይ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፦ ሙላቱ ረፋድ፣ ጉድለቱ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ጉድለቱም ትንሽ ነው። በኢንተርኔት የዛንዚባርን የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ፈልጋችሁ ከትኬት በፊት ተመልከቱት። በየቀኑ አራት መስመር አለው፦ ሁለት ሙላት፣ ሁለት ጉድለት፣ ከጎናቸው ከፍታው በሜትር። የጉድለቱ ቁጥር ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ በምሥራቁ ዳርቻ ውሃው ርቆ እንደሚሄድ እወቁ። አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ከሆነ መዋኛ ይተርፋል።

ደግነቱ የዛንዚባር ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ከዚህም አልፎ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእሱም አንድ ሰዓት ነው። ይህ መቀራረብ ግን ወጥመድ አለው። ባለ ጀልባው በእንግሊዝኛ ሲያናግራችሁ አንዳንዴ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሮ ይናገራል፣ አንዳንዴ ሳይቀይር ያልፈዋል፤ እኛም እንደዚያው ነን። «በአራት ሰዓት እንገናኝ» ተባብሎ በስድስት ሰዓት ልዩነት መተላለፍ ቀላል ነው። ቀጠሮውን ስልክ ላይ ጻፉና አሳዩት፤ «ከቁርስ በኋላ ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ። የመርከብና የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚታተመው ምንጊዜም የፈረንጁ ነው።

የባሕር ዳርቻ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። በምሥራቅ በኩል ከማተምዌ ጀምሮ በኪዌንግዋ፣ በብዌጁ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ አድርጎ የሚወርደው ዳርቻ ፊት ለፊቱ የኮራል አጥር አለው፤ ኮራል ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር ነው። በአጥሩና በአሸዋው መካከል ያለው ውሃ ጥልቀት ስለሌለው ባሕሩ ሲጎድል ይራቆታል። በሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊ በምዕራብ ጎኗ፣ ከእሷ ዝቅ ብላ ያለችው ኬንድዋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ምዕራብ ስለሚመለከቱ፣ አሸዋቸው ቶሎ ወደ ጥልቅ ውሃ ስለሚወርድ፣ በጉድለትም ሰዓት ይዋኝባቸዋል። የኑንግዊ ምሥራቃዊ ጎን ግን እንደ ማተምዌ ነው፤ «ኑንግዊ ያለ ሆቴል» ብሎ መያዝ ብቻ አይበቃም። ካርታውን በሳተላይት ገጽ ከፍታችሁ ሆቴሉ በየትኛው በኩል እንደቆመ እዩ። ከአሸዋው ርቆ ነጭ የአረፋ መስመር ከታየ እሱ የኮራሉ አጥር ነው፤ ከሆቴሉ እስከዚያ መስመር ያለው ርቀት ውሃው የሚሸሽበት ርቀት ነው።

ነፋሱም እዚህ ይገባል። ኩሲ በሚነፍስበት በሐምሌና በነሐሴ ምሥራቁ ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል፤ ፓጄ በካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ሸራ ውሃ ላይ በመንሸራተት፣ የታወቀችው በዚህ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ዓይን ውስጥ የሚገባ አሸዋ ዕረፍት አይሰጥም። በካስካዚ ጊዜ ነፋሱ ሰሜንንና ሰሜን ምሥራቅን ይመታል። ኬንድዋ በሁለቱም ወቅት የተጠለለች ናት፤ ዋና ለማይችል ሰውና ለልጆች ያለ ማመንታት እሷን እመክራለሁ። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ግን ኑንግዊና ኬንድዋ ሊሰለቹት ይችላሉ፤ ማታ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ቀን አሸዋው ላይ ጉብኝትና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ወጣቶች አይለቁም። ጃምቢያኒ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ሌሊት የሚሰማው ነፋስና የኮራል አጥሩን የሚመታው ማዕበል ነው።

ሰባት ሌሊት ያለው ሰው ሁለቱንም ቢከፍል ይሻለዋል። ለምሳሌ ሙሉ ጨረቃዋ ቅዳሜ ላይ ትዋል እንበል። ቅዳሜ ደርሳችሁ አራት ሌሊት ኬንድዋ ትይዛላችሁ፤ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ምሥራቁ ዳርቻ በሚራቆትበት ጊዜ እናንተ ጥልቅ ውሃ ላይ ናችሁ። ረቡዕ ወደ ጃምቢያኒ ወይም ብዌጁ ትወርዱና ሁለት ሌሊት ታድራላችሁ። ሐሙስና ዓርብ ሙላቱ ወደ ጠዋት አንድና ሁለት ሰዓት ስለሚመጣ ከቁርስ በፊትና በኋላ ትዋኛላችሁ፣ ቀትር አልፎ ሲጎድል ደግሞ አሸዋው ላይ ትሄዳላችሁ። የመጨረሻዋ ሌሊት ለድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ) ትሆናለች፤ አየር ማረፊያው ከከተማው ቅርብ ስለሆነ በመሄጃ ቀን አትራወጡም። ጨረቃዋ በግማሽ ላይ ከጀመረች ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ሰሜን።

ባሕሩ መሸሹን እንደ ጉድለት ብቻ መቁጠር ግን የደሴቲቱን ግማሽ መሳት ነው። ጃምቢያኒና ፓጄ ላይ ውሃው ሲወጣ አሸዋው ውስጥ በመስመር የተተከሉ ዱላዎች ይታያሉ። በዱላዎቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ ጭብጥ ጭብጥ እያደረጉ የባሕር ሣር ያሥሩበታል። ሥራው ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፋት የተያዘ ሲሆን ገበሬዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የደረሰውን እየፈቱ በጆንያ ይሞላሉ፣ ከእሱ ላይ ቁራጭ ዘር መልሰው ያሥራሉ። ስድስት ሳምንት ግድም ይፈጅበታል። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእሱ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙናና ክሬም እንዲረጋ ያደርጋል። ውሃው እየሞቀ በመምጣቱ ደህና ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ነው፤ ወደ ጥልቅ ውሃ ገብቶ ለመትከል ደግሞ ብዙዎቹ ዋና አይችሉም፣ ጀልባም የላቸውም። በገመዶቹ መካከል ስትሄዱ አትርገጧቸው፤ እግር የነካው ሣር ተበጥሶ ይቀራል። ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅ፣ እምቢ ካሉም ካሜራን መክተት ተገቢ ነው። የሥራ ቦታቸው ነው።

ወደ ኮራል አጥሩ የሚደረገው የእግር ጉዞ የሚያምረውን ያህል በጥንቃቄ የሚደረግ ነው። ጉድለቱ ከሚደርስበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ተነሱ፤ ጉድለቱ ልክ ሲደርስ፣ የትም ሁኑ የት፣ ፊታችሁን ወደ መሬት አዙሩ። ምክንያቱ ውሃ የሚመለስበት መንገድ ነው። የሚነሳውና የሚወርደው በእኩል ፍጥነት አይደለም። ልዩነቱ 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፦ በመጀመሪያው ሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሳል፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 90 በ90፣ በአምስተኛው 60፣ በስድስተኛው 30። የመጀመሪያው ሰዓት ስለሚያዘናጋ ሰው ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ይቆያል። በዚያ ላይ አሸዋው ደልዳላ አይደለም፤ ከኋላችሁ፣ ወደ መሬት በሚወስደው በኩል፣ ዝቅ ያሉ ቦዮች አሉ፣ መጀመሪያ የሚሞሉትም እነሱ ናቸው። ሲሄዱ ቁርጭምጭሚት ድረስ የነበረው ቦይ ሲመለሱ ደረት ድረስ ይሆናል። ዋና የማይችል ሰው ያለ አካባቢው ሰው መሪነት ባይሄድ ይሻላል።

ለዚህ ጉዞ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው የውሃ ጫማ የግድ ነው። በኩሬዎቹ ውስጥ ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት አለ፤ እሾሁ ተረከዝ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ ለማውጣት ሲቆፍሩት ደግሞ ይብሳል። ከተወጋችሁ ላይ ላዩን የወጣውን በመቆንጠጫ አውጡ፣ እግሩን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ንከሩ፣ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ወይም ካበጠ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ጫማውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ልክ ማግኘት ያስቸግራል።

ጀልባን በሚመለከት ቸልተኛ መሆን አይገባም። በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ ከአቅሟ በላይ ጭና በኡንጉጃና ከእሷ በስተሰሜን ባለችው በፔምባ ደሴት መካከል ሰጥማለች፤ በዓመቱ በሐምሌ 2012 ስካጊት የተባለችው ከዳሬሰላም ስትመጣ በከባድ ማዕበል ተገልብጣለች። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ዛሬ ከዳሬሰላም የሚመላለሱት ፈጣን መርከቦች ሁለት ሰዓት ግድም ይፈጃሉ፤ በኩሲ ጊዜ ግን ይንገጫገጫሉ፣ የሚያስታውክ ሰው ኪኒኑን ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ። ለምነምባ ደሴት ስኖርክሊንግ (በማስክና በቱቦ ላይ ላዩን መዋኘት) የምትይዟትን ትንሽ ጀልባ ግን ራሳችሁ መርምሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት አለ? ማሠሪያው ይቆለፋል? ለልጅ የሚሆን መጠን አለ? ጃኬቱን እየቆለፋችሁ ሞክሩት፤ ከመቀመጫ ሥር ተጣጥፎ መኖሩ አይበቃም። ጠዋት በማለዳ የምትነሳውን ምረጡ፤ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይነሳል፣ ቀን ሲረፍድም ከሰላሳና ከአርባ ጀልባ ጋር ትጋፋላችሁ። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ በሕይወት ያለ ነገር ነው፣ የሰበራችሁት ቁራጭ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ኮከብ ዓሣን ለፎቶ ከውሃ የሚያወጣ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉት። በደሴቲቱ ደቡብ ባለችው ኪዚምካዚ ላይ ዶልፊኖችን በሞተር እያሳደዱ መሐላቸው የሚያስዘልሉ ጀልባዎች አሉ፤ እንስሶቹ የሚያርፉበትን ሰዓት መንጠቅ ስለሆነ እኔ አልመክርም።

ወረቀቱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ አሰልቺው ነው፤ ግን አየር ማረፊያ ላይ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቪዛው የታንዛኒያ ነው፤ ማመልከቻው በኢሚግሬሽኑ ይፋዊ ድረ ገጽ ይሞላል። የማይመለስ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁት ፓስፖርት ምን እንደሚጠየቅ እዚያው አይታችሁ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሐሰተኛ ገጾች ስላሉ የድረ ገጹ አድራሻ የመንግሥት መሆኑን አረጋግጡ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ አብሯችሁ ከሄደ የእሱ ቪዛ የአንድ ዓመት ተደጋጋሚ መግቢያ ሆኖ 100 ዶላር ነው። ከጥቅምት 1፣ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን የጉዞ መድን መግዛት አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህ አይቀርም። ከመነሳታችሁ በፊት በኦንላይን ክፈሉና ማረጋገጫውን በስልክም በወረቀትም ያዙ።

ቢጫ ወባ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ለሚገባ ሰው የቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የክትባቱ ማረጋገጫ፣ ይጠየቃል። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን መጥቶ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ ወደ ዛንዚባር የሚያልፈው ዲያስፖራም እንደዚሁ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከመጣበት አገር እንጂ ከፓስፖርቱ አይደለም። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ ዋጋ የለውም። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዴ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድ ካላችሁ አውጡት። ከዘጠኝ ወር በታች ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና ከ60 ዓመት በላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ስለ ወባ ደግሞ ክትባቱን በምትወስዱበት ቀን እዚያው ጠይቁ፤ ዛንዚባር ወባን በጣም ቀንሳለች፣ ዋናው ምድር ላይ ግን አለ።

ምግቡን በሚመለከት ለኦርቶዶክስ አንባቢ ቀድሞ ማወቅ የሚገባው አለ። በደሴቲቱ የሚቀርበው ሥጋና ዶሮ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው። በዚህ ጉዳይ የምትጠነቀቁ ከሆነ ሆቴሉ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ዕቅዳችሁን ከዓሣና ከአትክልት ጋር አድርጉት፣ እዚያ ደግሞ ዓሣው ትኩስ ነው። በጾም ወቅት ለሚሄድ ሰው ስዋሂሊ ምግብ ምቹ ነው፤ ባቄላውም፣ ጎመኑም፣ ካሳቫውም ብዙውን ጊዜ በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ የወተት ተዋጽኦ አይገባበትም። የምትጠይቁት ቻፓቲው በቅቤ መለወሱንና እንቁላል መግባቱን ነው። ድንጋይ ከተማ ውስጥ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ማታ ማታ የመንገድ ምግብ ገበያ ይሆናል፤ ዓሣውን ከተደረደረው ሳይሆን ፊታችሁ ከሚጠበሰው ውሰዱ፣ ዋጋውንም ከመጠበሱ በፊት ተነጋገሩ። እዚያው ከተማ ውስጥ ጃውስ ኮርነር በሚባለው አደባባይ በትንንሽ ሲኒ የሚሸጠውን ቡና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ መጠጣት ደስ ይላል።

ልብስ፣ ገንዘብና ዕቃ አጠር አድርጌ ልለፍ። ዋና ልብስ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ መንደርና ድንጋይ ከተማ ሲገባ ወንድም ሴትም ትከሻና ጉልበት ይሸፍናል። ነጠላ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁሉንም ሥራ ይሠራል። ፌስታል ዕቃ ውስጥ አትክተቱ፤ ታንዛኒያ ከሰኔ 1፣ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዳለች። ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ የኛ ስፒና አይገባበትም፣ አዳፕተር ያስፈልጋል። አሮጌና የተቀደደ ዶላር አይቀበሏችሁም፤ ከባንክ ስትወስዱ አዲሱን ለይታችሁ ጠይቁ፣ የዕለት ወጪ ደግሞ በሺሊንግ ነው። ካርድ በሚቀበሉበት ቦታ ተጨማሪ ክፍያ ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሆቴሉም በየሌሊቱ ለመንግሥት የሚሰበስበው ከዋጋው ውጭ የሆነ ነገር እንዳለ አጣሩ። ከአየር ማረፊያ እስከ ኑንግዊ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በታክሲ ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጃል፣ ዋጋውም ከ35 እስከ 50 ዶላር ይሆናል። ዳላዳላ የሚባሉት የሕዝብ መኪናዎች በጥቂት ሺህ ሺሊንግ ይወስዳሉ፤ 116 ቁጥር ወደ ኑንግዊ፣ 309 ወደ ጃምቢያኒ ይሄዳል። ሻንጣ ለያዘ አይመችም። ሞተር ሳይክል ለመከራየት ያሰበ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ያስብ፤ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፣ ለደሴቲቱ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማታ መንገዱ ጨለማ ነው።

ፀሐዩን የደጋ ሰው ይንቃል። እኛ ከለመድነው የሚለየው ነፋሱና ውሃው ሙቀቱን ስለሚደብቁት ቃጠሎው የሚሰማው ማታ መሆኑ ነው። ስኖርክሊንግ ላይ ጀርባ ለሁለት ሰዓት ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ይቆያል፤ ጠቆር ያለ ቆዳም ይቃጠላል። እጅጌ ያለው ቲሸርት ለብሶ መግባት ከየትኛውም ክሬም ይበልጣል፤ ክሬሙ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይደገማል። ወበቁ ሳይታወቅ ውሃ ያስወጣል። ለልጆች ጥቂት ፓኬት ኦአርኤስ ያዙ፤ የቧንቧ ውሃ አትጠጡ።

በስኩባ፣ ማለትም የአየር ጋን ተሸክመው፣ ለሚጠልቁ አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን ሰው ብቻ የሚመለከት። ውሃ ውስጥ በደም የገባው ናይትሮጅን ሳይወጣ ከፍታ ላይ መውጣት ሕመም ያመጣል። የተለመደው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። ሌላው መንገደኛ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል፤ እኛ ግን ከአውሮፕላኑ ወርደን 2,300 ሜትር በላይ ላይ እንቆያለን፣ ቤቱ እንጦጦ በኩል ያለ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ሙሉ 24 ሰዓት ስጡት። ከላይ ባለው የሳምንት ምሳሌ በረራው ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መጥለቁ ዓርብ ጠዋት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በማስክና በቱቦ ላይ ላዩን መዋኘት ምንም አይከለክልም። ዳይቪንግ ቤቱ የበረራ ሰዓታችሁን ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት።